የፀደይ ሕንፃ ታናሽ

ኤልዳና ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ግን «እደጊ» ትባል ነበር።

ማስታጠቢያውን በአንድ እጇ፣ ማንቆርቆሪያውን በሌላው ይዛ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከቁርስ በፊት ረጅሙን ገበታ ትዞራለች። እማማ ሶሊያና መቶ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያሹ ይታጠቡና «እደጊ የኔ ልጅ፣ ተመንደጊ» ይሏታል። አባባ ኢዮስያስ ደግሞ ውኃውን እያራገፉ «ትልቅ ሰው ያድርግሽ» ብለው ይመርቋታል። የልጅቷ ቀኝ ጉልበት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የራሷ የምትላቸው ጥርሶችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢሆንም ጎንበስ ብላ «አሜን» ትላለች። ምን ታድርግ? የፀደይ ሕንፃ ታናሽ እሷ ናት።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ጥጋብ የሞላባት፣ ሰው የጎደለባት ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቿ ያለሰው ይሠራሉ። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ሲደርስ እንደ ግመል ተንበርክኮ ተሳፋሪውን ይጠብቃል፤ የመንገዱ መብራት ለእግረኛ ሲበራ አንድ አባታችን ሆይ እስከ መጨረሻው አድርሶ ለመሻገር ይበቃል። የማለዳ ዜና የሚጀምረው በልደት ነው፦ «ትናንት በከተማችን አንድ ልጅ ተወልዷል፤ ሴት ናት፤ እናትና ልጅ ደኅና ናቸው።» የተወለደ ከሌለ አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ አየር ጠባይ ያልፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን በመኪና እያዞረ ለየሕንፃው ያሳያል። ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ እልል ይላል። ሕፃኗ ተኝታ ካለፈችም እልልታው አይቀርም፣ በሹክሹክታ ይሆናል እንጂ።

የቤቱን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ከብረት የተሠራው ረዳት ነው፤ ያበስላል፣ ያነሳል፣ ያስተኛል፣ ቢሉት ያጫውታል። የታናሽ ሥራ ብቻ አልተፈቀደለትም። ብረት ባስታጠበው እጅ በረከት የለም ብለው ሽማግሌዎቹ ቆርጠዋል፤ የእጅ ውኃ የሚያፈሰው ከቤቱ ሰው ሁሉ ታናሽ የሆነው ነው። በር የሚከፍተውም፣ እንግዳ እስከ አሳንሰሩ የሚሸኘውም፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ የሚለውም እሱ ነው። እንግዲህ በፀደይ ሕንፃ የሚገባው ሁሉ ትልቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ኤልዳና ቁጭ ብላ አታውቅም ብል ብዙም አልዋሸሁ።

እናቷ ሲሞቱ አባቷን ይዛ እዚህ ሕንፃ ስትገባ ገና ጎልማሳ ነበረች። «ግድ የለም፣ በዓመቱ ከእኔ የሚያንስ ይመጣል» አለች። ከእሷ በኋላ የመጣ ሁሉ ከእሷ በላይ ሆኖ መጣ። አንዱ ከነከዘራው፣ አንዷ ከነማዳመጫዋ፣ አንዱ ከነ ሁለት ሐኪሙ። ታናሽ መሆን የሚፈልግ ሰው የለም እኮ። የውበት ሱቆች ዋና ገበያቸው የሽበት ቀለም ነበር። ዕድሜ መጠየቅ ደግሞ በሕግ ተከልክሏል፤ ሰው ራሱ «ይህን ያህል ነኝ» ባለው ይታመናል፣ ያላመነም ዝም ይላል።

ኤልዳና የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ ቀን ገበታው ላይ ከሰው እኩል ቁጭ ማለት፤ አንድ ሰው እንኳ «እትዬ» ቢላት። ይህ ነበር ምኞቷ፣ ጋሼ ያፌት እስኪመጣ ድረስ።

ጋሼ ያፌትን ያገኘችው ጉልበት ማፍታቻው አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ድሮ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ ፊደል ከነአንበሳውና ከነዝሆኑ እንዳለ ነው፤ ወንበሮቹንም አንሱ ያለ ስላልነበረ ትንንሾቹ ወንበሮች እዚያው ቀርተዋል። የከተማው ታላላቆች ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ፣ በቀይና በቢጫ ወንበር ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ኤልዳና እንደ ወትሮዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ያፌት በቅርቡ ጎረቤቱ አዝመራ ሕንፃ የገባ ሰው ነው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው ብሏል፣ ፀጉሩ ጥጥ ነው፣ ግራ እግሩን በከዘራ ይደግፋል። አያት፣ አያትና ብድግ አለ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው።»

«የምን ነውር? እኔ መቀመጥ ሰልችቶኛል፣ አንቺ መቆም ሰልችቶሻል። እንቀያየር።»

ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ለልጅ ሲነሳ ያየ የለም። ኤልዳና ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቢጫዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደስታው ከጭንቅላቷ ተነስቶ እግሯ ድረስ ወረደ። እሱ ከዘራውን ተደግፎ አጠገቧ ቆሞ ስለ ደብረ ሲና ጭጋግ ያወራላታል፤ እሷ ትስቃለች፤ ተራዋ ተጠርቶ አልፏት እንኳ አልሰማችም።

ከዚያ ወዲያ ጉልበቷ በየቀኑ ያማት ጀመር። አባቷ «ምነው ይሄ ጉልበት ባሰበት?» ሲሏት «ውርጩ ነው» ትላለች። ውርጩ ካለፈም በኋላ ውርጩ ነው አለች። የአደባባዩን ዛፎች እየዞሩ፣ እሱ በከዘራው፣ እሷ በአዲሱ ጉልበቷ፣ ሁለቱም ለወሬው ሲሉ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያፌት ቆመና «ሽማግሌ ልላክ?» አለ። ኤልዳና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተሸፈነ ፊት ነው፤ ግን እጇ ራሱ አወቀበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሴት ልጅ አባት የሚያከብረው ሽማግሌ ከራሱ በዕድሜ የሚበልጠውን ነው። የኤልዳና አባት አባባ ናሆም ዘጠና ስምንት ዓመታቸው ነው። ስለዚህ ያፌት ከዘጠና ስምንት በላይ የሆኑ፣ መቆም የሚችሉ፣ የሚሰሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ ላይ የመጡበትን ጉዳይ የማይረሱ ሦስት ሰዎች ማግኘት ነበረበት። ደክሞ ደክሞ ከአዝመራ ሕንፃ አገኘ። አባባ ሮቤል መቶ ሦስት ናቸው፤ ምላሳቸው የሃያ ዓመት ነው። አባባ ናትናኤል መቶ አንድ ናቸው፤ አስታራቂ ናቸው፣ ክርክር ሲያዩ ያለቅሳሉ። ሦስተኛው አባባ ኬብሮን መቶ ደፍነዋል፤ የመስማቱ ነገር ትንሽ ያስቸግራል፣ ነገር ግን ቁመናቸው ያስፈራል ተብሎ ተወሰዱ።

የሽምግልናው ቀን፣ ሐሙስ፣ ደረሰ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከሥሩ ልብሰ ጉልበታቸውን ታጥቀው መጡ። ልብሰ ጉልበት ማለት ወገብና እግር ላይ የሚታሰር፣ መቶ ዓመት ያለፈውን ሰው ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፣ ሲራመድ ዝዝ የሚል ዕቃ ነው። ባህሉ እንደሚያዘው ልጅቷ ጓዳ ገብታ ተደብቃለች። ደወሉ ተደወለ።

ማን ይክፈት? ረዳቱ ለሽማግሌ በር መክፈት አይፈቀድለትም። እማማ ሶሊያና አባባ ኢዮስያስን አዩ፤ አባባ ኢዮስያስ ጣሪያውን አዩ። ደወሉ ደገመ። በር ከፋቿ ታናሿ ናት፤ ታናሿ ደግሞ መደበቅ ያለባት ሙሽራ ናት። አባባ ናሆም አላስቻላቸውም፣ በለመደ አፋቸው «አንቺ ልጅ፣ በር» ብለው ተጣሩ። ኤልዳና ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ በዳበሳ ሄዳ ከፈተች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሊያዩዋት አይገባምና አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ።

«በሩ ራሱ ተከፈተ መሰለኝ» አሉ አባባ ሮቤል።

«ነፋስ ነው» አሉ አባባ ናትናኤል።

ኤልዳና ወደ ጓዳ ስትመለስ ሳቋን አፍና ይዛ ማንቆርቆሪያው ላይ ልትወድቅ ነበር።

«ተቀመጡ» አይባልም፣ እንግዶቹም አይቀመጡም፤ ባህሉ ነው። አባባ ሮቤል ጋቢያቸውን አስተካክለው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። አባባ ናሆም አቀርቅረው ሰሙ፣ አገጫቸውን አሹ፣ ከዚያ «እግዜር ያክብርልን። ነገር ግን ልጃችን ገና ልጅ ናት» አሉ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» ብለው ባልሰማ ጆሯቸው አባባ ኬብሮን ጮኹ። ዕድሜ መጠየቅ ክልክል መሆኑን ረስተው ነው። ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ።

«እስቲ እሷንም ጠይቁልን» አሉ አባባ ናትናኤል፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ እማማ ሶሊያና። ጓዳ ውስጥ ያለችው ልጅ ጉልበቷን እያሸች ይህን ሰማች።

አባባ ናሆም «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ሲሉ አባባ ሮቤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛ ዕድሜ ቀጠሮ አይረዝምም ወንድሜ። ለሚመጣው ሐሙስ ይሁን።» ሐሙስ ሆነ።

በሁለተኛው ሐሙስ እማማ ሶሊያና የሕንፃውን ምክር ይዘው ቀረቡ። ጥሎሽ ወርቅ አንፈልግም፣ ልብስም አንፈልግም፤ ታናሻችንን ከወሰዳችሁ ታናሽ ታመጡልናላችሁ፤ ከእሷ የሚያንስ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ እዚሁ የሚኖር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አገሩ ውስጥ ከዚህ የከበደ ጥሎሽ ተጠይቆ አያውቅም።

ያፌት ያልሄደበት የለም። አንኮበር ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው የተባለች ሴት አገኘ፤ እመጣለሁ፣ ግን እንደገባሁ እትዬ እባላለሁ፣ ማንቆርቆሪያም አልነካም አለች። ሸኖ አንድ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው እንዳለ ሰምቶ ቢሄድ፣ የሰውየው ሕንፃ ሽማግሌዎች ገና ከአሳንሰሩ ሳይወርድ ከዘራቸውን አንስተው ጠበቁት። «ታናሻችንን ልታስኮበልል ነው?» ብለው አባረሩት። ሲመለስ ለኤልዳና ይህን ሁሉ በረንዳ ለበረንዳ ቆመው ነገራት፤ ሁለቱ ሕንፃዎች ቅርብ ለቅርብ ናቸውና። እየነገራት ሳቀ፣ እየሰማችው ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ቀን ቆጠሩ። ሦስተኛው ሐሙስ የመጨረሻ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ያልተሰጠች ልጅ ዳግም አትጠየቅም።

በዋዜማው አባቷን በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸውና እንደ ልማዷ ቆመች።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የማይለቁኝ?» አለቻቸው። «ለእጅ ውኃ ነው?»

«ውኃውን ተዪው» አሉ አባባ ናሆም። «በብረት ብታጠብም አልሞትም። ልንገርሽ? እኔ ጠዋት ስነሳ አንቺ ልጅ እላለሁ፣ አንቺ አቤት ትያለሽ። እኔ እንግዲህ የልጅ አባት ነኝ ማለት ነው። አንቺ ወይዘሮ ሆነሽ፣ አንቺ አርጅተሽ ካየሁ እኔ ምን ልባል ነው? ከእርጅና ወዲያ ያለውን ስም ታውቂዋለሽ? እኔ እፈራለሁ።»

ኤልዳና አዘነችላቸው። ተናደደችም። ሁለቱም እኩል መጡባት። «ታዲያ አባዬ፣ እርስዎ እንዳይፈሩ ብዬ እኔ ሳላድግ ልሙት?» አለች። በሕይወቷ ለአባቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ።

ሐሙስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ በሩ በዚህ ቀንም በነፋስ ተከፈተ። «ታናሹስ?» ተባሉ። «አላገኘንም» አሉ አባባ ሮቤል። «ነገር ግን መልሳችንን ሳንይዝ አንቀመጥም፣ አንወጣም።» አባባ ናሆም አቀርቅረዋል። ሰዓቱ ሄደ። ሄደ። በመካከሉ የአባባ ሮቤል ልብሰ ጉልበት ጲጥ አለ፤ ቀጥሎ የአባባ ናትናኤል። ኃይላቸው እያለቀ ነው። ረዳቱ መሙያውን ይዞ ተንደርድሮ መጣ።

«ወግድ» አሉት አባባ ሮቤል። «ጉዳያችን ሳያልቅ ከዚህ ቤት እህልም መብራትም አንቀምስም።»

«ወንድሜ፣ ትወድቃላችሁ» አሉ አባባ ኢዮስያስ ተጨንቀው።

«እንውደቃ። በልጅ ሽምግልና የወደቀ ቀና ብሎ ይነሳል።»

ጲጥታው ፈጠነ። አባባ ናትናኤል ወደ አባባ ኬብሮን ያዘነበሉ መሰሉ፤ አባባ ኬብሮን ሰላምታ መስሏቸው አቀፏቸው። ኤልዳና ጓዳው በር ጀርባ ጥፍሯን ትነክሳለች። ወይ ሦስት ሰው ይወድቃል፣ ወይ እሷ ታናሽ ሆና ትሞታለች። ይሄኔ ደወሉ ተደወለ።

ከፈተችው። ያፌት ነው። በሽምግልናው ቀን ሙሽራው በዚያ ደጅ እንኳ ማለፍ የለበትም፤ እሱ ግን ደፍ ላይ ቆሟል፣ ያለ ከዘራ። አለፋትና ገባ፤ ሳሎኑ መሐል ሲደርስ አባባ ናሆም ፊት ጎንበስ አለ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «እኔ ሰማንያ አንድ አይደለሁም።»

«ስንት ነህ?» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ሕጉ እዚህ ላይ ፈረሰ።

«ስድሳ አራት።»

ልብሰ ጉልበቶቹ ብቻ ጲጥ ጲጥ ይላሉ። እማማ ሶሊያና መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ፀጉሩን አዩት። «ቀለም ነው?»

«ቀለም ነው እማማ። ትልቁ ጠርሙስ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ደብረ ሲና በነበረበት ሕንፃ እሱ ታናሽ ነበር። ውኃ ሲያፈስ፣ በር ሲከፍት፣ ሲነሳ ሲቆም ዓመታት አለፉ። ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ መናኸሪያው ላይ ከዘራ ሲሸጥ አየ፤ ገዛው፤ ሊያነክስበትም ለመደ። «መጀመሪያ ጋሼ ያለኝ የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ጣፈጠኝ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ይጣፍጠኛል» አለ። «ግን ከእሷ አንሶ እሺ የሚል ሰው አገር ሙሉ ፈልጌ አጣሁ፤ ከእሷ የሚያንሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጃችሁን አልወስድም። እኔ ልምጣ። ማንቆርቆሪያውን ስጡኝ።»

አባባ ሮቤል በንዴት ተንቀጠቀጡ፤ ምናልባት ኃይሉ እያለቀ ስለሆነም ይሆናል። «በአንተ ስም መቶ ሦስት ዓመቴን ተሸክሜ እዚህ ስቆም ዋሽተኸኝ ኖሯል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሏል ይኸው ነው።»

አባባ ናሆም ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። «ሰው ለትዳር ሲል የማይሆነው የለም» አሉ። «ትናንት ሰማንያ አንድ፣ ዛሬ ስድሳ አራት። ነገ አርባ ነኝ ብትለንስ? በምን እናምንሃለን?»

ያፌት አሰበ። «ልሩጥ?» አለ።

እስቲ አስቡት። በፀደይ ሕንፃ ሰው ሲሮጥ ከታየ ስንት ዘመኑ ነው። ረዳቱ ይሮጣል፤ በስክሪን ፈረስ ይሮጣል። ሥጋ ለባሽ፣ እዚህ ቤት፣ በሁለት እግሩ? እማማ ሶሊያና «ወደ ኮሪደሩ» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ወንበር ላይ የነበረው ከነወንበሩ ተገፋ፣ ሽማግሌዎቹ ዝዝ እያሉ ወደ በሩ ዞሩ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ መጨረሻው መስኮት ነው። ያፌት ጫማውን አወለቀ። ጋቢውን ለአባባ ኬብሮን ሰጠ። ከዚያ ሮጠ።

ሲሮጥ ተረከዙ ወለሉን ይመታል፣ ድው ድው ድው፤ ሁሉም በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ ነጭ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። መስኮቱ ጋ ደርሶ በእጁ መትቶት ዞረ። ሲመለስ ሸሚዙ ከኋላው ይርገበገባል፣ አፉ ተከፍቷል፣ የሽበት ቀለሙ በላቡ ቀልጦ በጆሮው ይወርዳል። ከፊታቸው ሲደርስ መቆም አቅቶት ግድግዳውን ያዘ፤ ያለከልካል፣ ይስቃል።

«እሳት ተነስቶ ነው?» አሉ አባባ ኬብሮን።

«እስቲ ድገመው» አሉ እማማ ሶሊያና።

ደገመው። በዚህኛው ጊዜ እልልታው ከአንደኛው በር ጀመረና እሱን ተከትሎ ኮሪደሩን ወረደ፣ እሱን ተከትሎ ተመለሰ። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» እያሉ አባባ ኢዮስያስ ያጨበጭባሉ። አባባ ናትናኤል ያለቅሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ክርክር አልነበረም።

ኤልዳና መደበቋን ረስታ ወጥታለች። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ነው። «ጋሼ ብዬሃለሁ» አለችው። «በር ላይ ባየሁህ ቁጥር ብድግ ብያለሁ። ይሄን አዲስ ጉልበት የጨረስኩት ለአንተ ስነሳ ነው።»

«እኔስ አልተነሳሁልሽም?» አለ እያለከለከ።

ተነስቶላታል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የተነሳላት እሱ ብቻ ነው። ይጣፍጠኛል ያለውን ስም አውጥቶ ወለሉ ላይ ጥሎላታል፤ ማነከሱን፣ ከዘራውን፣ ጋሼነቱን። በልቧ ቆጠረች።

«እንዲያውም» አለች፣ «በአምስት ዓመት እበልጥሃለሁ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ ያፌት።

አጠገቧ ያገኘችው ወንበር ላይ ዝርግት አለችና ሳቅ ጀመራት፤ ማቆም አቃታት፤ ሳቁ እንባ ሆነ፣ እንባው ሳቅ ሆነ። ወንበሩ የእማማ ሶሊያና ነበር። ተነሺ ያላት የለም።

«መልስ» አሉ አባባ ሮቤል በቀጭን ድምፅ፤ ልብሰ ጉልበታቸው አሁን አያቋርጥም፣ አንድ ረጅም ጲጥታ ሆኗል። «መልስ፣ ወንድሜ ናሆም፣ መልስ።»

አባባ ናሆም ልጃቸውን ያያሉ። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዛሬ ገና ያዩት ይመስል አዩት። ያፌትን አዩ፤ ያለ ጫማ፣ ጆሮው ላይ ቀለም ይዞ፣ ሲጠሩት ሊላክ እንደተዘጋጀ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ተቀመጡ» አሏቸው።

ተቀመጡ መባል እሺ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሦስቱም ሶፋው ላይ ሲያርፉ ሦስቱም ልብሰ ጉልበት ጲጥ አለና ጠፋ። ረዳቱ መሙያውን ይዞ ቀረበ፤ አባባ ሮቤል እግራቸውን ዘረጉለት። እልልታው እንደገና ተነሳ፤ ጎረቤት አዝመራ ሕንፃ በረንዳ ላይ ያሉት ሕፃኗ የመጣች መስሏቸው እነሱም እልል አሉ።

ሁለቱ ለመመረቅ አባባ ናሆም ጉልበት ሥር ተንበረከኩ። ኤልዳና ለመንበርከክ ያፌትን ተደገፈች። በሠርግ ላይ አባት የሚለው ቃል የታወቀ ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው፤ አባባ ናሆም ራሳቸው ሲያገቡ የተባሉት ነው። እጃቸውን በሁለቱ ራስ ላይ ጫኑ። «አብሮ…» አሉና ቆሙ። ቀጥሎ ያለውን ቃል አፋቸው እንቢ አለ። ለማንም ሙሽራ ሲናገሩት ቀላል ነበር፤ ለልጃቸው ሲሆን ከበዳቸው። እማማ ሶሊያና ከንፈራቸውን ነከሱ። ቤቱ በሙሉ ጠበቃቸው።

«አብሮ ያስረጃችሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አሜን» አለ ቤቱ።

አባባ ናሆም ግን እጃቸውን ከልጃቸው ራስ ላይ አላነሱም። ጎንበስ አሉና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አርጂ፣ ልጄ» አሏት። «አትፍሪ፣ እኔ አለሁ።»